ቀለም የሚቀይረው ማተብ

በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር፤ እኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ። ባለቤቴ ዘነበች የስኳር መርፌዋን እርግፍ አድርጋ የተወችው በዚያ ዓመት፣ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ረስታ አይደለም፣ ሰንፋም አይደለም። አንድ ሰውዬ «ድነሻል፣ ጣዪው» ብሏት ነው። ይህን ነገር ሳላነሣ ብዙ ዓመት ዝም ብዬ ነበር፤ አንዳንድ ነገር ሲያነሡት ይሸታል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሰውዬውን አገኘሁት።

ዴንቨር አጠገብ ሴንቴኒያል የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፣ የአንድ ወዳጃችን የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ። ያኔ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚተኛ፣ ቢጫ ልብስ የለበሰ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። በባዶ እግሩ ስል ገዳም ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ አውሮራ ከተማ፣ የሱቆች ፓርኪንግ ላይ ነው። ሴቶቹ ያችን እግር እያዩ ያለቅሱ ነበር። አሁን ጢሙን ተላጭቶ፣ ጸጉሩን ጥቁር ቀለም ነክሮ፣ ጫማው እንደ መስታወት እያበራ ክትፎውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቤት አሻሻጭ ሆኗል። «ጋሼ፣ ቤትዎን ለመሸጥ ካሰቡ ገበያው አሁን ነው» ብሎ ካርድ ሰጠኝ። እኔን አላወቀኝም። እኔ ያወቅኩት በድምፁ ነው፤ ያ ማር የተቀባ ድምፅ ከጢሙ ጋር አልተላጨም። ካርዱን ወጥ የተንጠባጠበበት ሰሃን ውስጥ ጥዬ ተነሣሁ። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በግድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ነው ትምህርት ያቆምኩት። ስለዚህ የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ እለፉት። ልጄ ትርሲት «ላርምልህ አባዬ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። እሷ ካረመችው የእሷ ይሆናል።

ያ ዘመን ለኔ የታክሲ ዘመን ነው። ወደዚህ አገር ስመጣ ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ ነበር፣ ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚሉት ሰፈር ላይ። ከዚያ አንሥቼ መሀል ዴንቨር ሆቴል ሳደርስ አንድ ሲጋራ አያልቅም ነበር። ኋላ ኤርፖርቱን ነቅለው ሜዳ ላይ ወሰዱት፤ በቦታው ቤት ተሠራበት፣ ልጆች ብስክሌት ነዱበት፣ የአውሮፕላን መቆጣጠሪያው ማማ ብቻ በጣሪያዎቹ መሀል እንደ ሞኝ ተገትሮ ቀረ። በዚያ ባልኩት ዓመት ቤንዚን ጋሎኑ ሦስት ዶላር ከምናምን ነው፤ እኔ ሁለቱ ክርኖቹ የተላጡ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረኝ፣ ክረምት ከበጋ እሱኑ ነው የምለብሰው። ኤርፖርት የታክሲ ማቆሚያው ላይ ተራ እስኪደርሰን ዳማ እንጫወታለን፣ ከቴርሞስ ሻይ እንጠጣለን። በስልክ የሚጠራው መኪና ገና መግባቱ ነበርና ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ከሁሉም የሚቀርበኝ ጌታሁን የሚባል ሾፌር ነበር፣ ከእኔ አሥር ዓመት ቢያንስ ነው። ጨዋታ ዐዋቂ ነው። መኪናው ውስጥ የድሮ ዘፈን ካሴት ሞልቶት ነበር፣ ካሴት ማጫወቻ ያለው መኪና ፈልጎ እስከ መግዛት የደረሰ ሰው። አንድ ቀን ካሴቱን ሁሉ በካርቶን አድርጎ አምጥቶ የኔ መኪና ኮፈን ላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ውሰድ ጋሽ ደምሴ። እኔ ዘፈን አቁሜአለሁ።»

«ኃጢአት ነው ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለኔ ስትሰጠኝ የኔ ኃጢአት አያሳዝንህም?»

«አንተማ አንዴ ጠፍተሃል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ካሴቱን ተቀበልኩት። ያኔ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

ጌታሁንን ዘፈን ያስጣለው ያ ባሕታዊ ነኝ ባይ ነው። ከሌላ ስቴት መጣ፤ ከየትኛው እንደሆነ የጠየቀውም የለም። ሃቫና ጎዳና ዳር፣ ጥፍር በሚሠሩበት ቤትና በተዘጋ የምንጣፍ መደብር መካከል አንድ አዳራሽ ተከራዩለት። የጥፍር ቀለሙ ሽታ ግድግዳውን አልፎ ይገባል፤ ከዕጣኑ ጋር ይቀላቀላል። የደብራችን ቄስ «ይህን ሰው ማን እንደላከው አናውቅም፣ ተጠንቀቁ» ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ሕዝቡ «ቀንተው ነው» አለ። ሰውዬው ለታመመ ሁሉ ውሃ ሰማያዊ የሆነ ክር አንገቱ ላይ ያስርለታል፣ እንደ ማተብ፣ ከራሱ ማተብ ጎን። ከዚያ ጠበል ነው ያለውን ውሃ፣ ሠርግ ቤት ሻይ በሚፈላበት በዚያ በትልቁ የኤሌክትሪክ ማፍያ ያፈላዋል። ጠበል ሲቀቀል ያየሁት እዚያ ነው፣ አንድ ቀን ዘነበችን ልመልስ ሄጄ። አዳራሹ በሰውና በእንፋሎት ይታፈናል፣ ሰው ይሰግዳል፣ ያልበዋል፣ ያ ሰማያዊ ክር ቀስ እያለ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ከሆነ በሽታው ወጥቷል ማለት ነው። እልልታው ይቀልጣል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ክሩ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ መመለስ ነው።

ዘነበች መሀል ከተማ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ስኳሩ የያዛት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አብራት የምትሠራ አንዲት ሴትዮ በዚሁ በሽታ እግሯን ተቆርጣለች፤ ስለዚህ ምን እንደሚያመጣ ሳታውቅ አይደለም። ግን መርፌው ሰልችቷት ነበር። «ሆዴ ወንፊት ሆነ» ትለኝ ነበር። ሰው ሲሰለቸው ነው የሚታለል፤ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጌታሁን ሚስቱን ይዞ መጥቶ ወሰዳት፣ ሰማያዊዋን ክር አስራ ተመለሰች። በሁለተኛው እሑድ ክሯ ሮዝ ሆነችላት። ሰውዬው እጇን ይዞ «ድነሻል እኅቴ፣ አሁን መርፌውን ከወጋሽ ፈውሱን ናቅሽ ማለት ነው» አላት። መጥታ ኢንሱሊኑን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጣለችው። እኔ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፤ እሷ «ባሌ ጠላኝ» ብላ አለቀሰች። ክሯ ቤት ውስጥ ሰማያዊ መሆኑን ለሰውዬው ስትነግረው ደግሞ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቤትሽ ውስጥ የማያምን ሰው አለ።» ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ነን። ከዚያ ወዲያ ምንም ብላት አልሰማ አለች፤ እኔ ራሴ በሽታው ሆንኩ። እሷ ግን ውሃ ስትጠጣ አትረካም፣ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጥታ አልድን ብላለች። ያችን ቁስል ካልሲዋን ስታወልቅ ባየሁ ቁጥር የምናደደው ንዴት ስም የለውም።

ትርሲት ያኔ መሀል ከተማ ካምፓስ ኬሚስትሪ ትማር ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ትኖር ስለነበር ነገሩን ደብቀናት ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ልትበላ መጣች። እናቷን ስትስም አንገቷን አየች። ክሩ የነካው ቦታ ቀልቶ ሽፍ ብሏል።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ማተብ ነው።»

«ማተብሽ ይሄ ጥቁሩ ነው። ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

ዘነበች ነገረቻት፤ ሮዝ እንደሚሆን፣ ቤት ሲገባ እንደሚመለስ፣ እሷ እንደዳነች። ትርሲት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ገና ሳትጨርስላት «ኮባልት» አለች። «ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ እንዳይረጥብ የምናደርጋት፣ ኮባልት ያለባት ፍሬ አለች፤ ስትደርቅ ሰማያዊ ናት፣ እርጥበት ስትጠጣ ሮዝ ትሆናለች። ያው እሷ ናት። ይሄ አገር ደረቅ ስለሆነ ነው ቤት ውስጥ ሰማያዊ የምትሆነው። ማሚ፣ ቆዳሽን እየመረዘሽ ነው፣ አውልቂው።»

«ማተብ አይፈታም።»

«እሺ አትፍቺው። ዝም ብለሽ እዪ።» ጎንበስ ብላ ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ አፏን ከፍታ እፍ፣ እፍ እያለች ተነፈሰችበት። ሰማያዊው እየገረጣ ሄዶ ሮዝ ሆነ፣ ያለ ጸሎት፣ ያለ ስግደት፣ እዚያው ምስር ወጥ አጠገብ። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤት የጸጉር ማድረቂያ አምጥታ አሞቀችው፤ ሰማያዊ ሆነ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። አለቀለት አልኩ። ዘነበች ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ እግዜር በውሃ አይሠራም? የተጠመቅሽው በምንድን ነው?» አለችና ልትተኛ ወደ ጓዳ ገባች። ልጅቷ ማድረቂያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

እኔ ደግሞ ገና አልገባኝም ነበር። «ለምንድን ነው ቀለሙ የሚቀየረው?» አልኳት። ይህን የጠየቅኳት ዘነበችን የማስረዳበት አንድ ቃል ፍለጋ ነው። ትርሲት ብርቱካን አመጣችና ስድስት ስቴኪኒ ሰካችበት፣ አራቱን ዙሪያውን፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፤ በየጫፉ አንዳንድ የወይን ፍሬ። ብርቱካኑ ብረቱ ነው፣ ኮባልቱ። ወይኖቹ ውሃ ናቸው፣ እንግዶች። ብረቱ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ይኖራል፣ አምስት ክፍል አለው አለችኝ። እንግዳ ሳይመጣ አምስቱም እኩል ናቸው። እንግዶቹ ሲመጡ ግን ሁለቱ ክፍሎች መስኮታቸው ፊት ለፊት እንግዶቹ ላይ ይሆናል፤ ኤሌክትሮንና እንግዳው ደግሞ አይዋደዱም፣ ይገፋፋሉ፤ እዚያ መኖር ይከብዳል፣ ፎቅ ላይ እንደ መውጣት ነው። ሦስቱ ክፍሎች በእንግዶቹ መካከል ባዶውን ስለሚያዩ ምድር ቤት ይቀራሉ። ብርሃን ሲመጣ ኤሌክትሮኑ የደረጃዋን ልክ የምታህለውን ብርሃን በልቶ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ይወጣል፤ እኛ የምናየው ቀለም ከመበላት የተረፈው ነው። ውሃው ሲደርቅ ስድስቱ እንግዶች ሄደው አራት የክሎሪን እንግዶች በማዕዘን በማዕዘን ይቆማሉ፤ ደረጃዋ ታጥራለች፣ ሌላ ብርሃን ትበላለች፣ የሚተርፈው ሰማያዊ ይሆናል። ከወይኖቹ ሁለቱን በልታ አራቱን እንደገና ሰካቻቸው። እውነቴን ነው፣ ገባኝ። ደስ የሚል ነገር ነው።

«እንግዲህ እናትሽ ስትነሣ ይሄን ንገሪያት» አልኳት።

«እሺ። ግን አባዬ፣ ይሄ እኮ ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«መግፋቱ ብቻ። እንግዶቹ ዝም ብለው የሚገፉ ነጥቦች አይደሉም። ይሄ ሞዴል ነው። መጀመሪያ የተማርነው ሌላ ነበር፤ እንግዶቹ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ይዘው መጥተው ባዶ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ የሚል። እሱ ስለ ቀለም ሲጠየቅ ዝም ይላል። ከዚያ ይሄን የመግፋቱን ተማርን፤ ቀለሙን ያስረዳል። ግን ምንም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው እንግዳ ቻርጅ ካለው በላይ የሚገፋበት ጊዜ አለ። መግፋት ብቻ ቢሆን ያ አይሆንም። ዘንድሮ ደግሞ ብረቱና እንግዶቹ ክፍሎቻቸውን ቀላቅለው የጋራ ቤት ይሠራሉ የሚለውን እየተማርን ነው።»

ደሜ ፈላ። «ማለት ሦስት ጊዜ ተረት ነግረውሻል?»

«ተረት አይደለም።»

«አንድ ምስክር ሦስት ጊዜ ቃሉን ቢቀይር ዳኛ ምን ያደርገዋል? የትምህርት ክፍያው ለዚህ ነው? የትኛው ነው እውነቱ?»

«ኋለኛው ይሻላል። ግን እሱም ሙሉ አይደለም።»

«ሰውዬው እኮ አንድ ነገር ነው የሚናገረው» አልኳት። «ድነሻል ይላል፣ ያልቃል። እናንተ ኮሌጅ ሙሉ ሰው ተሰብስባችሁ አንዲት ክር ላይ ሦስት አፍ አላችሁ። ታዲያ እናትሽ ማንን ትመን?» ይህን ስል ልጄን መናገሬ ብቻ አይደለም፤ አስጠሉኝ፣ ሁሉም። ውሸታሙ ሙሉ አፉን ከፍቶ ይናገራል፤ የተማረው ግን «ይመስለናል፣ ይሻላል፣ ሙሉ አይደለም» ይላል። ዛሬም ቴሌቪዥን ከፍቼ ዶክተር ሲጠየቅ ሲንተባተብ፣ አጠገቡ ያለው ቀላማጅ ሳይንተባተብ ሲያወራ ሳይ ያች የምሳ ጠረጴዛ ትመጣብኛለች። ዓለም የተበላሸው በዚህ ነው።

ትርሲት አልጮኸችም። እናቷን ነው የምትመስል፣ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ እኛ የት ጋ እንደሚሳሳት እንናገራለን። እሱ አይናገርም።»

«ይሄ ለሰው አይበቃም።»

«ደግሞ ነገ ምን እንደሚሆን መናገር ይቻላል። ሦስቱም ስለዚች ክር አይጣሉም፤ ውሃ ከሌለ ሮዝ የለም። አዳራሹ ደረቅ ከሆነ ማንም ይጸልይ ማን፣ አትቀየርም። በዚህ እርግጠኛ ነኝ።»

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ያን የሻይ ማፍያ አሰብኩ።

በማግስቱ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው የሚሰበሰቡት። ትርሲት ፈተና ነበረባት፣ ካምፓስ ተመልሳለች። ዘነበችን «እኔም ልመጣ ነው» ስላት ዓይኗ ውስጥ የገባው ደስታ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ አምኖ መጣ ብላ ነው። እሷ እያነከሰች በጣም ቀደም ብለን ደረስን። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ከተራራው በኩል የሚነፍሰው ያ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነፋስ አለ። ማፍያው ከመጋረጃው ጎን ተሰክቶ መንፈቅፈቅ ጀምሯል። አጎንብሼ ነቀልኩት። የኋላውን በር ከፍቼ ድንጋይ አስደገፍኩት፣ የፊቱንም እንደዚያው። ማንም አላለኝም፤ ሽማግሌ በር ሲከፍት ማን ይጠይቃል? ጌታሁን መጥቶ አቀፈኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ እንኳን አምላክ አመጣህ። ካሴቶቹን መልሰህ ውሰድ እንዳትለኝ ብቻ።» ጥሩ ሰው ነው፣ እሱን ማታለል ያስጠላል።

ሰው ሞላ፣ ጸሎቱ ተጀመረ፣ ስግደቱ ቀጠለ። ነፋሱ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰውዬው በባዶ እግሩ እየተንጎራደደ ከአንገት ወደ አንገት እየዞረ ክሩን ያያል። ሰማያዊ። ሁሉም ሰማያዊ። አንዲት በነርስ ልብስ በቀጥታ ከሥራ የመጣች ወጣት ሴት፣ ልጅ አልወልድ ብላ የምትመላለስ፣ ፊቱ ተንበርክካለች። እዚያች ላይ ቆመና «የደበቅሽው ነገር አለ» አላት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ተናገሪ፣ ሁሉ ሰው ያንቺን ነው የሚጠብቀው።» ሰውም ወደሷ ዞረ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«እሷን ተዋት» ብዬ ተነሣሁ። «ማፍያውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። በሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ ውሃ ሲያገኝ ነው ሮዝ የሚሆነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው እምቢ ያለው። ልጄ ቤት ውስጥ በትንፋሽዋ ቀይራዋለች። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት።»

አሁን ሰውዬውን ይሰድቡታል፣ ያባርሩታል ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የተናገረችው አሮጊት ምን አለች? «ታዲያ ጠበሉን ለምን ታቀዘቅዝብናለህ?»

«እማማ፣ ያልኩትን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። በሩን ዝጋ፣ ብርድ ነው።»

አንዱ በሩን ዘጋ። ሌላው የኋላውን። ጌታሁን፣ ያ ዳማ የምንጫወተው ጌታሁን፣ እኔን ሳያይ አልፎኝ ሄደና ማፍያውን መልሶ ሰካው። ተቀምጠው ጠበቁ። እመኑኝ፣ ሕዝብ ሙሉ ተቀምጦ ሻይ ማፍያ እስኪፈላ ይጠብቅ ነበር። ውሃው ፈላ፣ እንፋሎቱ ሞላ፣ መስኮቱ ላበው፣ ክሩ ሮዝ ሆነ፣ እልል አሉ። ያች የነርስ ልብስ የለበሰች ልጅም እንባዋን ጠርጋ እልል አለች። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ በዚያ ማር በተቀባ ድምፁ «ወንድሜ፣ ለአንተም እንጸልያለን» አለኝ። እዚያው ምንጣፉ ላይ መትፋት አማረኝ። የዘነበችን ክንድ ይዤ ወጣሁ። አብራኝ ወጣች፤ ለምን እንደወጣች አላወቅኩም። ሰው ፊት ስላዋረድኳት አፍራ ነው የተነሣችው ብዬ ገመትኩ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሃቫናን ይዘን ወረድን። ግራ ቀኙ የመኪና መሸጫ ነው፤ ባንዲራዎቻቸው ነፋሱ ላይ ይጨበጨባሉ። ተሸንፌአለሁ፤ ልጄ ያለችው ሁሉ ልክ ሆነ፣ ምንም አልጠቀመም። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ዘነበች ወደ ፊት እያየች ተናገረች።

«አይተኸዋል?»

«ማንን?»

«እሱን። ክሩ እምቢ ሲለው። ቀና ብሎ ወደ ላይ አላየም። መጀመሪያ ያየው ወደ ማፍያው ነው።»

እኔ አላየሁም ነበር። እኔ ሰዉን ነበር የማየው።

«ከዚያ በኋላ ነው ያችን ልጅ የተናገራት» አለች። «እያወቀ።» ነጠላዋን ገለል አድርጋ ሰማያዊዋን ክር ፈታች፤ ጥቁሯን የራሷን ማተብ አልነካችም። መኪናዬ ሲጋራ መተርኮሻ ነበረው፤ እዚያ ውስጥ ከተተችውና ክዳኑን ዘጋች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋብኝ። ብርቱካኑም፣ ስድስቱ እንግዶችም፣ ሦስቱ ሞዴልም እሷ ጋ አልደረሱም። የደረሰው የአንድ ሌባ ዓይን ወዴት እንደሄደ ማየቷ ነው። እውነት በዚህ በኩል ብቻ የሚገባ ከሆነ እኔ እንጃ፣ ለተማሩትም ይብላኝላቸው።

«ነገ ሥራ አትግባ» አለችኝ ቤት ስንደርስ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርን። ስንጠራ የገባችው ነርስ ሐበሻ ሆና አረፈችው፤ ያች የአዳራሹ ሴት አይደለችም፣ የደብራችን ልጅ ናት፣ እናቷን ዘነበች ታውቃታለች። ዘነበች አይታት ደነገጠች። ይህች ልጅ የሆነውን ካወቀች እስከ ማታ አውሮራ ሙሉ ሊያውቅ ነው። ነርሷ የዘነበችን ጣት ወግታ ስኳሩን ለካች፣ ቁጥሩን አየች፣ ካልሲዋን አስወልቃ እግሯን አየች። ከዚያ በአማርኛ «እትዬ ዘነቡ፣ ኢንሱሊኑን አቋርጠዋል እንዴ?» አለች። ዘነበች አንገቷን ደፋች።

«አዎ፣ ከመስከረም ጀምሮ አልወሰደችም» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ፋርማሲ ሄደህ አምጣ ትለኛለች፣ እኔ ነገ ነገ እያልኩ።»

ነርሷ ቀና ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እንዲህ ባለ ዓይን እኔ ራሴ ትናንትና አዳራሹ ውስጥ ያን ሰውዬ ነው ያየሁት።

«ጋሼ፣ አያፍሩም?» አለችኝ።

«አፍራለሁ» አልኳት።

ዘነበች እኔን አላየችኝም። የሹራቧን ጫፍ ገልጣ ሆዷን ለመርፌው አዘጋጀችላት።